ከጋቢው ሥር የታየው መብራት

አባቴ በአንድ የመንግሥት መዝገብ ላይ «ዓይነ ስውር» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሰው ከቤታችን ደጃፍ ቆሞ ከሸለቆው ማዶ የሚግጠው በሬ የማን እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው። ለእናቴ መርፌ ላይ ክር የሚያስገባላትም እሱ ነው። ዓይኑን ያጠፋነው አንድ ኃላፊና እኔ ነን። ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በኃላፊው ላይ ያለኝ ንዴት እንኳ ቀለል ይላል፤ እሱ እንደሚዋሽ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን እውነት መናገር ሙያዬ ነው ብዬ የተማርኩ ሰው ነበርኩ።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ትውልዴ ከመካነ ሰላም የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ፣ እዚህ ወይን አምባ ብዬ በምጠራት የገጠር ቀበሌ ነው። የማጠናው ብርሃን ስለሚሰጥ ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ እውነትም አብዛኛው አያስተላልፍም። በቤተ ሙከራ የሚዘጋጁ አንዳንድ ዓይነቶች ግን ከፀጉር በብዙ መቶ እጥፍ ቀጥነው መስታወት ላይ ይለቀለቁና ባትሪ ሲነካቸው ይበራሉ። እንደ አምፖል ሽቦ ግለው አይደለም፤ ቀዝቀዝ ብለው ከገጻቸው ሁሉ እኩል ያበራሉ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ በኪሳችሁ የያዛችሁት ውድ ስልክ ፊቱ የሚበራው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው።

ችግሩ ዕድሜው ነው። አየር ይገድለዋል፤ እርጥበት ደግሞ ከአየርም ይብሳል። ስለዚህ የምንሠራው ናይትሮጅን በተሞላ የመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ከሳጥኑ ጋር በተያያዘ ረጅም የጎማ ጓንት እጃችንን ከውጭ አስገብተን ነው። ሲያልቅ በላዩ ሌላ መስታወት እንደርብና ዙሪያውን በሙጫ እናሽገዋለን። ሙጫው ደህና ከሆነ ለቀናት ይቆያል። ከተሰነጠቀ ግን ብርሃኑ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ይወጣሉ፣ ነጥቦቹ ይሰፋሉ፣ ይገናኛሉ፣ በቃ ይሞታል። አራት ዓመት ሙሉ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ በስንት ሰዓት ሞተ፣ እንዴት ሞተ።

እናቴ በደወልኩላት ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ትለኛለች። «ብርሃን» እላታለሁ። «ታዲያ ለእኛስ ብታመጪልን ምን አለበት?» ትልና ትስቃለች። በዚያ ዓመት ለጥምቀት ስሄድ እንግዲያው ላሳያት ብዬ ሁለት የታሸጉ መስታወቶች በጥጥ ጠቅልዬ በምሳ ዕቃ ከተትኩ። እያንዳንዳቸው ላይ የሚበራው ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። በአውቶቡስ እስከ ደጎሎ ከተማ ምሳ ዕቃውን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲብስ ደግሞ መንገጫገጩ እንዳይጎዳቸው በሁለት እጄ አንጠልጥዬ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው «የታቦት ዕቃ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በሩን ዘግተን፣ መስኮቱን በስልቻ ደፍነን፣ ለአባቴና ለእናቴ አንዱን በትንሽ ባትሪ አበራሁላቸው። ብርቱካንማ ናት። ጨለማው መሀል ቁጭ ስትል አባቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ ተጠጋትና ትንፋሹን ያዘ። ለምን እንደያዘ ስጠይቀው «እንዳላጠፋት» አለኝ። ማንም ሳይነግረው በደመ ነፍስ የገባውን ነገር እኔ በሁለት ዓመት ነው የተማርኩት።

እናቴ ግን በሩቁ አየቻትና «ትፈጫለች?» አለችኝ።

«ምን?»

«ወፍጮ ታዞራለች ወይ ነው የምልሽ።»

«አታዞርም እማዬ። ገና ትንሽ ናት፣ ለማየት ብቻ ናት።»

«እሺ፣ አብሽሪ፣ ታድጋለች» አለችና ስልቻውን ከመስኮቱ ላይ አነሳች። ለካ የደፈንበት ስልቻ ወደ ወፍጮ እህል ተሸክማበት የምትሄደው ኖሯል።

የእናቴ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ላስረዳችሁ። ወይን አምባ ወፍጮ የላትም። ሴቶቹ እህል ተሸክመው መካነ ሰላም ድረስ ይሄዳሉ፤ ሦስት ሰዓት ሂያጅ፣ ሦስት ሰዓት መላሽ፣ ወረፋው ሳይቆጠር። እናቴ ወገቧን የሰበራት ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ከሰፈራችን በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ያልፋል፤ ሽቦው ንፋስ ሲመታው እስከ ደጃችን ይሰማል። ከሦስት ዓመት በፊት «ምሰሶ አቅርቡ፣ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ እናወርድላችኋለን» ተባሉ። ገበሬው ባሕር ዛፉን ቆርጦ ላጠ፣ ጉድጓዱንም ከሸንተረሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ቆፈረ። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ጉድጓዶቹ በክረምት ውኃ ያቁራሉ፤ የጎረቤታችን ጥጃ አንደኛው ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰብሯል። ሽማግሌዎቹ ታክቷቸው አቤቱታ ጻፉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ጣቱን አሳረፈበት፣ አባቴንም «አንተ ያዘው» አሉት። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ስለተባለ በስብሰባው ላይ በእጃቸው ሊሰጧቸው ቀን ይጠብቁ ነበር።

ስብሰባው በማግስቱ ነበር።

የመብራቷ ወሬ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤት ሲጎርፍ፣ ቤቱ በትንፋሽ ሲታፈን የመጀመሪያዋ መስታወት አመሻሹ ሳይደርስ ሞተች። ነጥቦቹ ሲወጡባት አባቴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ተመለከታትና «እንዲህ ነው የምትሞተው?» አለኝ። «እንዲህ ነው» አልኩት።

ኃላፊው የመጣው ያኔ ነው። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ሰው በየስብሰባው ስለነበረ ሁላችሁም የየራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣ ሰው ሲናገር ራሱን እየነቀነቀ ሌላ ነገር የሚያስብ ወጣት ነው። የቀበሌውን ሊቀመንበር አስከትሎ ገባ።

«ዶክተር!» አለኝ።

«ገና ነኝ፣ ተማሪ ነኝ።»

«እንደሆንሽ ቁጠሪው። የአካባቢው ተወላጅ፣ ያውም ሴት፣ ከፕላስቲክ መብራት ሠራች! ይኼ ነገር እኮ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም። ነገ እንግዶቹ ፊት ታሳይናለሽ።»

አንድ ብቻ እንደቀረችኝ፣ ዕድሜዋም አጭር እንደሆነ ነገርኩት። «አምስት ደቂቃ ብትበራ ይበቃናል» አለ። ከዚያ እንደ ዋዛ «ውጭ ሀገር ለምርምር ልትሄጂ ነው አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ምናምን ካስፈለገሽ እኛ አለን» ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ደብዳቤውም ያስፈልገኝ ነበር። ከዚያ በላይ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ሥራዬን «አሳይን» ብሎ የለመነኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። እነሱ ከወጡ በኋላ አባቴ «ነገ እኛም የምንሰጠው ወረቀት አለን፣ አይዋጥብን እንጂ» አለ። አልሰማሁትም ማለት እችላለሁ። ሰምቼዋለሁ።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነበር። እንግዶቹ በሁለት መኪና መጥተው ዳሱ ሥር ተቀመጡ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ነው። ኃላፊው ስለ ልማት ሠራዊት፣ ስለ አንድ ለአምስት፣ ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት ሲናገር ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። በመጨረሻ ጠራኝና መስታወቷን ከባትሪው ጋር አገናኘሁ።

ምንም አልታየም።

«አብሪያት እንጂ» አለኝ በሹክሹክታ።

«በርታለች።»

«የታለች?»

«ፀሐይ ነው። በዚህ ፀሐይ አትታይም፣ ጨለማ ትፈልጋለች።»

ፊቱ ተለወጠ። አንድ ከሳቅና ከንዴት መሀል ያለ ድምፅ አሰማና ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ወደነበረው አባቴ ሄዶ «አባት፣ ጋቢዎን ያውሱን» አለው። አባቴ ምን ይበል? ሰጠ። አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፣ ጋቢውን በላዬ ጣሉብኝ፣ መስታወቷን ጭኔ ላይ ይዤ ቀረሁ። የሚያይ ሰው አንገቱን በአንድ በኩል አስገብቶ ያያትና ይወጣል።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ገቡ። «ድንቅ ነው!» «ተአምር ነው!» እያሉ ወጡ። አይተዋል፤ ያኔ በደንብ ትበራ ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ኃላፊው ግን ሞቅ ብሎት «ሕዝቡም ይየው! ሕዝቡ የልማቱ ባለቤት ነው! በሰልፍ!» ብሎ ጮኸ።

ገበሬ፣ አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር ሁሉም ተሰለፈ። በወዲያ በኩል የቀበሌው ጸሐፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀመጠ፤ የወጣ ሁሉ ስሙን ያስመዘግባል፣ ያየ ሰው ቀለም ነክሮ ጣቱን ያሳርፋል። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በእኛ አገር ስብሰባ ጣት ማሳረፍ እንደ ማስነጠስ ነው፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል።

ጋቢው ሥር ሙቀቱ ያፍናል። ሰው ሁሉ አንገቱን አስገብቶ «ኧረ በአላህ!» «እግዚኦ!» ባለ ቁጥር ትንፋሹ መስታወቷን ያጥናታል። ሠላሳ ያህል ሰው ካለፈ በኋላ የመጀመሪያዋ ጥቁር ነጥብ በማዕዘኗ ወጣች። የመንገዱ መንገጫገጭ ሙጫውን ሰንጥቆት ኖሯል። ነጥቡ ሁለት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያለችኝ አንዲት መብራት ጭኔ ላይ ሞተች። ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ነበር። የሞተችበትን ሰዓት ማየት ልማዴ ነው።

ቀጥላ የገባችው ሐዋ ናት። አብረን ያደግን፣ አምስት ዓመት ጂዳ ሠርታ የተመለሰች ልጅ ናት፤ ፊቱ የሚያበራ ትልቅ ስልክ ይዛ መጥታለች። መስታወቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ፋንቱ፣ ሞታለች እኮ።»

«አዎ።»

«ወላሂ ጨለማ ነው። ውጭ ወጥቼ ምን ልበል?»

ይህን ጥያቄ እስክሞት አልረሳውም። ለእኔ የቀረበ ጥያቄ ነበር፤ ባለሙያዋ እኔ ነኝ። «እንደ ፈለግሽ» አልኳት።

ወደ ውጭ ጆሮዋን ጣል አደረገች። «ለፓስፖርት የቀበሌ ማስረጃ እየጠበቅኩ ነው» አለችኝና ወጣች። ወዲያው ድምጿን ሰማሁት፤ «አየሁ! ማሻ አላህ፣ አየሁ!»

ከሐዋ በኋላ የገቡትን ሁሉ አስታውሳቸዋለሁ። ማዳበሪያ የሚጠብቅ ነበረ። መሬቱ ሊለካለት ቀጠሮ የያዘ ነበረ። ልጁ የታሰረበት ነበረ። አንገታቸውን ያስገባሉ፣ የጠቆረውን መስታወት ያያሉ፣ ፊቴን ያያሉ፣ ይወጣሉ። «አየሁ!» «እሰይ!» እልልታም ነበረ። አንዲት አሮጊት ወጥተው «እንዲያውም ዓይኔን ወጋኝ» ሲሉ ሰው ሳቀ። እኔ የሞተ መስታወት ይዤ ጋቢ ሥር አልቦኝ ተቀምጫለሁ። «ቁሙ፣ አልቃለች» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ዝም አልኩ፤ ከዚያ የቀሩትን ዝም ማለት ቀላል ሆነ።

በመጨረሻ ጋቢው ተገለጠና አባቴ ገባ። መስታወቷን አንድ ጊዜ አያትና በሹክሹክታ «ሞታለች» አለ። አልጠየቀኝም፤ ትናንት አይቷል፣ ያውቃታል።

«ሞታለች አባዬ።»

«መቼ?»

«ቆየች። ከእነ ሐዋ በፊት።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው ምን አየ?»

መስታወቷን ጭኔ ላይ ገለበጥኳት።

«አንቺስ ምነው ዝም አልሽ?»

ጠበቀኝ። አንገቱን አስገብቶ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ የምለውን ጠበቀ። ምንም ስላላልኩ ወጣ። ጸሐፊው ቀለሙን ሲያቀርብለት ሰማሁና ጋቢውን ከላዬ ገፈፍኩት። አባቴ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«እኔ ያየሁት ልጄን ነው» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ጋቢው ሥር ልጄ አለች። መብራት የለም።»

ኃላፊው ሳቀ። «አባት፣ ዓይንዎ ደክሟል፣ ምንም አይደለም፣ ዕድሜ ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ዶክተር፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ። እስቲ ለሕዝቡ ተናገሪ። ይህ ሁሉ ሰው ውሸቱን ነው?»

እንግዶቹ ዳሱ ሥር ሆነው ያዩኛል። ሐዋ ታየኛለች። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። አባቴ አያየኝም፤ መሬት መሬቱን ያያል። ሳይበራ አይተናል ያሉ ሰዎችን አዋርዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤውንም አሰብኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ስላሰብኳቸው የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በተማርኩት ሁሉ የተጣራ፣ አንድም ሐሰት የሌለበት ንግግር ከአፌ ወጣ።

«ስንጀምር በደንብ ስትበራ ነበር። እንግዶቹም አይተዋታል።»

«ሰማችሁ!» አለ ኃላፊው። ጭብጨባው ቀለጠ። ጸሐፊው አቀርቅሮ ከአባቴ ስም ትይዩ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ መዝገቡን አመጡልኝ፤ «ያረጋገጠው ባለሙያ» ከሚለው ሥር ፈረምኩ። የገጹን ርዕስ ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። «በአዲስ ቴክኖሎጂ የመብራት ተጠቃሚ የሆኑ የቀበሌው ነዋሪዎች ስም ዝርዝር» ይላል። ከአባቴ ስም ፊት ለፊት «ዓይነ ስውር በመሆናቸው ማየት ያልቻሉ» ተብሏል። ቀድሜ ባነበው ኖሮ አልፈርምም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሽማግሌዎቹ አቤቱታውን ይዘው ተነሱ። ኃላፊው መንገድ ላይ ተቀበላቸው። «ስለ መብራት ነው? አሁን ተጠቃሚ ሆናችኋል እኮ! ፈርማችኋል! ከፈረሙ በኋላ አቤቱታ ማቅረብ ጸረ ልማት ያስብላል» አላቸው። እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ገቡ። አባቴ ወረቀቱን ወደ ደረት ኪሱ መለሰና ጋቢውን ከአግዳሚው ላይ አንስቶ አራገፈው። በላቤ ርሶ ነበር።

ቤት ገብተን ማንም አልተቆጣኝም። እራት ቀረበልኝ፣ «ብዪ» ተባልኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ እናቴ ስልቻውን ስትሸከም ግማሹን ቀንሼ እኔም ተሸከምኩና አብሬያት ወጣሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ እህል ተሸክሜ አላውቅም። መንገዱ በጉድጓዶቹ አጠገብ ያልፋል። እኔ አንዱን አልፌ ወደ ሌላው ስደርስ አርፋለሁ፤ እሷ ሳታርፍ ትሄዳለች። ሸንተረሩ ላይ ከሽቦው ሥር ስንደርስ «እማዬ፣ መብራቷ እኮ ሞታ ነው» አልኳት፤ ምን ፈልጌ እንዳልኩት አላውቅም፣ ምናልባት እንድታጽናናኝ።

«መብራቷስ ሞተች፣ ምን ታድርግ» አለችኝ ሳትዞር። «አንቺ ግን በሕይወት ነበርሽ።»

እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን መካነ ሰላም ደረስን። እሷን ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ አቁሜ ከሱቅ ወረቀት ገዛሁና እዚያው ዱቄት የሞላበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ነው። መብራቷ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ እንደሞተች፣ ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ሁሉ ጨለማ እንዳየ፣ እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ፣ አባቴ ዓይናቸው ጤነኛ እንደሆነና በዚያ ሜዳ ላይ እውነት የተናገሩ ብቸኛው ሰው እንደነበሩ፣ መብራቷ ብትኖርም እንኳ አንዲት ጣሳ እህል እንደማትፈጭ። ፈረምኩበት። ሁለት ቅጂ አደረግኩና አንዱን ይዤ እዚያው ከተማ ወዳለው የኃላፊው ቢሮ ሄድኩ።

አነበበው። አልተናደደም፤ ያቃጠለኝ ይኸው ነው። «ፋንታዬ፣ ሪፖርቱ እኮ ሄዷል» አለኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል።

«ይመለስ።»

«ሪፖርት አይመለስም። ደግሞ አንቺን የሚጎዳ ነገር ለምን ትጽፊያለሽ? የሞተችው በስድስት ከሃያ ይሁን በስምንት፣ ማን ይጠይቅሻል?»

«ሥራዬ እሱ ነው። በስንት ሰዓት ሞተች ብሎ መጻፍ ነው ሥራዬ።»

«እንግዲያው የድጋፍ ደብዳቤውን ከዚያው ከሥራሽ አምጪ» አለና ስልኩን አነሳ። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ሁለተኛውን ቅጂ ለአባቴ ሰጠሁት። ማንበብ ስለማይችል አነበብኩለት። «እያወቅኩ ዝም አልኩ» የሚለው ላይ ስደርስ «እሱን ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። አጥፎ ከአቤቱታው ጋር አንድ ላይ ደረት ኪሱ ከተተውና «በይ አብሽሪ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ይዘውት ዞን ድረስ፣ ደሴ ሄዱ።

የውጭ ሀገሩ ነገር ቀረ። ቀረብኝ ብዬ ላለቅስ አልፈልግም፤ በርካሽ ነው ያመለጥኩት። ልነግራችሁ የፈለግኩት ሌላ ነው። አንባቢዎቼ፣ እኔ በዚያ ሜዳ ላይ አንድም ውሸት አልተናገርኩም። «ስትበራ ነበር» ማለቴ እውነት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የራሴን ሙያ ሳየው በእንዲህ ያለ እውነት ተሞልቶ አገኘሁት። ሃያ ሠርተን አሥራ ዘጠኙ ሲሞቱ ስለ አንዷ እንጽፋለን። ስትበራ ፎቶ አንስተን ስትጠፋ ካሜራውን እንዘጋለን። ኃላፊው ጋቢ ጣለብኝ ብዬ እናደዳለሁ፤ እኛም በየጽሑፋችን ጋቢ አለን። ዛሬ የማስተምራቸው ልጆች «አስቸጋሪ ናት» ይሉኛል፤ የሞተውን ሁሉ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነምክንያቱ ካልጻፉ ስለማልፈርምላቸው። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ይኸው አሁን ነገርኳችሁ።

እናንተም «አየሁ» ብላችሁ የወጣችሁበት ጋቢ ካለ አስቡት። ሐዋን አልወቅሳትም፤ ጠይቃኛለች። የጠየቀችኝን ያልመለስኩ እኔ ነኝ።

መስመሩ ወይን አምባ የወረደው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የእኔ ወረቀት ይሥራ፣ የሽማግሌዎቹ ምልልስ፣ ወይስ ዝም ብሎ ተራው ደርሶ አላውቅም። ባሕር ዛፎቹ በስብሰው ስለነበር ጉድጓዶቹ ውስጥ የገባው ሌላ ምሰሶ ነው። ወፍጮው ሲከፈት ሄጄ ነበር። እናቴ ከመጀመሪያዎቹ ወረፋ ላይ ነበረች፤ ዱቄት ሸፍኗት ስትወጣ በሩ ላይ የተሰቀለውን አምፖል ቀና ብላም አላየችው።

አባቴ ግን ከአምፖሉ ሥር ቆሞ ነበር። እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ፋንቱ፣ ይኼስ በርቷል?»

«በርቷል አባዬ።»

ራሱ እስኪያረጋግጥ ትንሽ ቆየ። ከዚያ በሩ አጠገብ ተጠቃሚዎችን ወደሚመዘግበው ወደዚያው ወደ ጥንቱ ጸሐፊ ሄደና አውራ ጣቱን ዘረጋለት።

«ይኼን አይቻለሁ» አለው። «የት ላሳርፍ?»